የፈላ ወተት እርጎ እንዲሆን፦ አሠራሩ ከማፍላት እስከ ማርጋት

"ወተቱን ካፈላሁት እኮ እርጎ አይሆንልኝም፣ ታዲያ ምን ላድርግ?" ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚደርሰኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው። ጠያቂዎቹ ያዩት ልክ ነው። የፈላ ወተት ዝም ብሎ ቢቀመጥ አይረጋም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ወደ ጥሬው ይመለሳል። መመለስ ግን አያስፈልግም።

መጀመሪያ ምን እየሆነ እንዳለ እንይ፣ ቀሪው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ጥሬ ወተት ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አለ። አንዳንዱ የሚያረጋው ነው። እነ ላክቶባሲለስና ላክቶኮከስ ሣሩ ላይ፣ የላሟ ቆዳ ላይ፣ የማለቢያው ዕቃ ግድግዳ ላይ ይኖራሉ። ወተቱ ውስጥ ሲገቡ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱ ሲበዛ ወተቱ ይረጋል። ሌላው ደግሞ ከራሷ ከላሟ ወይም ከእበቷ የሚመጣው ነው፦ ብሩሴላ፣ የከብት ቲቢ የሚያመጣው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ፣ ሳልሞኔላ፣ ኢ ኮላይ፣ ሊስቴሪያ። ላሟ ደህና መስላ እየበላች፣ እየታለበች እነዚህን ልትይዝ ትችላለች። ዓይቶ መለየት አይቻልም፣ ቀምሶም አይቻልም።

ስናፈላው ሁለቱም ወገን ይሞታል። ስለዚህ የሚያረጉትን እኛው መልሰን መጨመር አለብን፣ ያውም ከንጹሕ ምንጭ። ነገሩ ይኸው ነው።

"ሲኮመጥጥ ይሞታሉ" የሚል ደግሞ አለ። አይሞቱም፣ ቢያንስ ሁሉም አይሞቱም። ብሩሴላ ከጥሬ ወተት በተሠራ እርጎና አይብ ውስጥ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፣ አደገኛው ኢ ኮላይም አሲድ የሚችል ነው። የሚገድላቸው ሙቀት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በዚያው ቀን የታለበ 2 ሊትር ጥሬ ወተት
- መቀመጫው ወፍራም የሆነ፣ ከ4 ሊትር የማያንስ ድስት። ወተት ሲፈላ ስለሚገነፍል ትርፍ ቦታ ይፈልጋል
- ረጅም ማማሰያ
- ወንፊትና ተቀቅሎ የደረቀ ነጭ ሻሽ
- ክዳን ያለው የብርጭቆ፣ የሸክላ ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ
- ለእርሾ የሚሆን 4 የሾርባ ማንኪያ እርጎ። የትኛው እርጎ የሚለውን ደረጃ 6 ላይ አንብቡ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው
- ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ
- ቴርሞሜትር ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁም ይሠራል
- ለምትወዱ፣ ዕቃ ማጠኛ የወይራ እንጨት

ደረጃ 1፦ ወተቱን ስትቀበሉ ሁለት ነገር ጠይቁ

አንደኛ፣ መቼ ታለበ? ጠዋት ታልቦ ፀሐይ ላይ ጄሪካን ውስጥ የዋለ ወተት አትግዙ። ምክንያቱን ብዙ ሰው አያውቀውም። ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጡቷ በታመመ ላም ወተት ውስጥም፣ በአላቢው እጅ ላይም ይገኛል። ሞቅ ያለ ቦታ ለሰዓታት ከቆየ ይራባል፣ ሲራባም መርዝ ይተፋል። ስታፈሉት ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ግን ሙቀት ስለሚችል እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትውከትና የሆድ ቁርጠት ነው። ማፍላት የቆየ ወተትን አያድስም።

ሁለተኛ፣ ላሟ ሰሞኑን መድኃኒት ወስዳለች? ጡቷ ታሞ ፔኒሲሊን የተሰጣት ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋች ላም ወተቷ ለተወሰኑ ቀናት መደፋት አለበት። ስንት ቀን እንደሆነ የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ የእንስሳት ሐኪሙም ይናገራል። መድኃኒቱ በማፍላት አይጠፋም። ፔኒሲሊን የማይስማማውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። እርሾውንም ይገድልባችኋል። "ሁሉንም በትክክል ሠርቼ አልረጋ አለኝ" ከሚሉኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን አዘጋጁ

ዕቃውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡ። ከዚያ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ 5 ደቂቃ ተዉት፣ ድፉትና አፉን ደፍታችሁ በአየር ይድረቅ። በጨርቅ አታድርቁት፣ የወጥ ቤት ፎጣ ከዕቃው በላይ ቆሻሻ ነው። ብርጭቆ ከሆነ እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ በለብታ አሙቁት።

ቅል ለምትወዱ፦ ቅል ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስላለው የቆየ ወተት ይይዛል። በግራዋ ቢታሽም ጥልቁ ውስጥ ያለው አይወጣም። ድሮ ጥሬ ወተት የተቀመጠበት ቅል ውስጥ የፈላ ወተት ማድረግ ያባረራችሁትን መልሶ መጥራት ነው። ለዚህ ሥራ ብርጭቆ ወይም ማይዝግ ብረት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ አጣሩ

ወተቱን በወንፊትና በሻሹ አጣርታችሁ ድስቱ ውስጥ ጨምሩ። ፀጉር፣ ገለባ፣ የእበት ፍርፋሪ እዚህ ይቀራል። ማጣራት ባክቴሪያ አያወጣም፣ ለንጽሕናና ለጣዕም ነው።

ደረጃ 4፦ አፍሉ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው።

በመካከለኛ እሳት ጣዱ። ታች እንዳይይዝ፣ ከላይም ስልባቦት እንዳይጋርደው እያማሰላችሁ ቆዩ። ወተቱ ይሞቃል፣ ጠርዙ ላይ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ በድንገት ሽቅብ ይነሣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "ፈላ" ብሎ ያወርዳል። ገና ነው። ያ መነሣት እንፋሎቱ ስልባቦቱ ሥር ታፍኖ ነው። እሳቱን ቀንሱ፣ አማስሉ፣ አረፋው ይውረድ። አሁን ከመሐል ጉልጉል እያለ መፍላት ሲጀምር 2 ደቂቃ ቁጠሩ፣ ማማሰሉን ሳታቆሙ።

ለምን 2 ደቂቃ? ፋብሪካዎች ወተትን ወይ በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ፣ ወይ በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ያሞቃሉ። ብሩሴላም የከብት ቲቢም በዚህ ይሞታሉ። ቤት ውስጥ ግን ድስት ዳሩ ሲፈላ መሐሉ ላይሞቅ ይችላል፣ ቴርሞሜትርም ሁሉም ቤት የለም። ከመሐል እየፈላ 2 ደቂቃ መቆየት ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል። አዲስ አበባ ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ከተማው ከፍታ ላይ ስላለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። ግድ የለም፣ ከ72 በጣም በላይ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ወተቱ በደንብ ሲሞቅ ፕሮቲኑ ስለሚለወጥ እርጎው ወፍራም ሆኖ ይረጋል፣ ውሃም ብዙ አይለቅም።

ሲፈላ እንደ አይብ ከተቆራረጠባችሁ ወተቱ ቀድሞውኑ ኮምጥጧል ማለት ነው። ድፉት። አውቃለሁ ያንገበግባል፣ በተለይ በአሁኑ የወተት ዋጋ። ግን ስንት ሰዓት ሙቀት ላይ እንደቆየ አታውቁም፣ ደረጃ 1 ላይ ስለ መርዙ ያልኩትን አስታውሱ።

"ማፍላት ጥቅሙን ያጠፋል" ለሚሉ፦ ካልሲየሙና ፕሮቲኑ አሉ። ከቫይታሚኖቹ እንደ ሲ ያሉት በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳሉ።

ደረጃ 5፦ በፍጥነት አብርዱ

ድስቱን ክዳኑን ገጥማችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ። ዒላማው 43 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር የሌላችሁ በንጹሕ ማንኪያ ትንሽ ቀድታችሁ የእጅ አንጓችሁ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጠብ አድርጉ። ሞቅ ካለና ካላቃጠለ ደርሷል። ጣት ድስቱ ውስጥ አትክተቱ። ስታፊሎኮከስ እጃችን ላይም ይኖራል፣ የገደላችሁትን ራሳችሁ ትመልሱታላችሁ።

ለምን ፍጥነት? ማፍላት ሁሉን አይገድልም። ባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ዘር የሚመስል ጠንካራ ነገር ሠርተው ፍላቱን ያልፋሉ፣ ወተቱ ለብ ሲል ይነቃሉ። የፈላ ወተት ጠረጴዛ ላይ አድሮ የሚመርረውና የሚሸተው በነሱ ነው። የሚያኮመጥጡት ሞተዋል፣ ሜዳው ለነሱ ቀርቷል። "አፍልቼ አስቀመጥኩት፣ እርጎ ሳይሆን መረረ" የምትሉኝ፣ መልሱ ይኸው ነው።

ማጠን የምትወዱ አሁን እጠኑ። የነደደ የወይራ ፍም ዕቃው ውስጥ አድርጋችሁ ክደኑት፣ ጭሱ ሲረጋ ፍሙንና አመዱን በደንብ አውጡ። ቀለል አድርጉት። ጭሱ ባክቴሪያን ያዳክማል፣ ክፉውን ከደጉ ግን አይለይም። በጣም የታጠነ ዕቃ ውስጥ እርሾው ይዘገያል። አንዳንዴ "አልረጋም" የሚባለው ሌላ ችግር ሳይኖር ጭስ በዝቶ ነው።

ደረጃ 6፦ እርሾውን ጨምሩ

የትኛው እርሾ? ከሱቅ የተገዛ፣ ከተፈላ ወይም ከፓስቸራይዝድ (ፋብሪካ ካሞቀው) ወተት የተሠራ፣ ስኳርም ፍራፍሬም የሌለበት ተራ እርጎ። የሚያረጉት ባክቴሪያዎች በሕይወት ያሉበት መሆን አለበት። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ማሸጊያው ላይ ሕያው ባክቴሪያ እንዳለው ይጻፋል፣ ፈልጉት። የሱቅ እርጎ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያሉት ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስና ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ ናቸው። ሁለቱም ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሙቀት ይወዳሉ፣ 43 ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ከጎረቤት የመጣ የጥሬ ወተት እርጎ እርሾ አታድርጉ። ከሁሉም ስህተት የባሰው ይህ ነው። ሰው ወተቱን በጥንቃቄ ያፈላል፣ ያበርዳል፣ ከዚያ "የእማማ እርጎ ይጣፍጣል" ብሎ ሁለት ማንኪያ ጥሬ ይጨምርበታል። በዚያች ማንኪያ ብሩሴላ ካለ ልፋቱ ሁሉ ባዶ ነው። የሚጣፍጠውን ጣዕም ለማግኘት ጊዜ ስጡት፣ ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ አኮምጥጡት፣ ወይም እጠኑት።

አጨማመሩ ቀላል ነው። ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ለ2 ሊትር 4። እርሾውን በአንድ ሲኒ ለብ ባለው ወተት መጀመሪያ በጥብጡት፣ ከዚያ ወደ ድስቱ ጨምራችሁ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ካልተበጠበጠ እዚህም እዚያም ተጓጉሎ ይቀራል፣ ግማሹ ይረጋል ግማሹ ወተት ይሆናል። "ብዙ ልጨምርና ቶሎ ይርጋ" አትበሉ። ሲበዛ ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ይሻክራል፣ አጓቱም ይበዛል።

ደረጃ 7፦ ጠቅልሉና ተዉት

ወደ ተዘጋጀው ዕቃ ገልብጡ፣ ክደኑ፣ በጋቢ ጠቅልላችሁ ንፋስ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ኦቭን ያላችሁ ሳታበሩት መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ውስጡ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ቆላ አካባቢ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይበቃል። አዲስ አበባ፣ ያውም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ 10 ወይም 12 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ማታ አዘጋጅታችሁ ጠዋት ማየት ጥሩ ነው።

እስኪረጋ አታንቀሳቅሱት፣ በየሰዓቱም አትክፈቱት። ፕሮቲኑ እርስ በርስ እየተያያዘ ነው፣ ስትነቀንቁት ይበጠስና ውሃ ይለቃል።

መርጋቱን ለማወቅ ዕቃውን በትንሹ ዘንበል አድርጉ። ከግድግዳው ባንድ ላይ ሸርተት ካለ ረግቷል። ከላይ ትንሽ ጠራ ያለ ቢጫማ ውሃ ቢታይ አጓት ነው፣ አያሳስብም።

ደረጃ 8፦ ፍሪጅ አስገቡ

እንደረጋ ወዲያው ፍሪጅ። ብርዱ መኮምጠጡን ያዘገያል፣ እርጎውም ይበልጥ ይጠነክራል። ለ3 ወይም 4 ሰዓት ሳትነኩት ከቆየ በማንኪያ ሲቆረጥ ጥርት ብሎ ይወጣል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨርሱት። ፍሪጅ የሌላችሁ ለአንድ ቀን የሚበቃችሁን ብቻ ሥሩ።

ደረጃ 9፦ ለቀጣዩ እርሾ አስቀሩ

ከመቅመሳችሁ በፊት፣ በንጹሕ ማንኪያ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ወዳለፈበት ትንሽ ብልቃጥ ቅዱ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና በሳምንት ውስጥ ተጠቀሙበት። ጥቂት ዙር ከሄደ በኋላ ግን በአዲስ የሱቅ እርጎ ቀይሩት፣ በየዙሩ የወጥ ቤቱ ተሕዋስያን እየገቡ ሚዛኑ ስለሚዛባ። ልጋግ ልጋግ ካለ፣ ከሸተተ ወይም ቀለም ካወጣ ወዲያው ጣሉት።

አልረጋም? እንዲህ አጣሩ

- ወተቱ ሲሞቅ ጨምራችሁ ከሆነ እርሾው ተቃጥሏል። ከ55 ዲግሪ በላይ አይተርፍም። በሚቀጥለው ጊዜ አብርዳችሁ እርሾ ጨምሩ።
- ቀዝቅዞ ከሆነ ገና ነው። ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ እንደገና ጠቅልሉት፣ 3 ሰዓት ጨምሩለት።
- የሱቁ እርጎ ቆይቶ ወይም ከተሠራ በኋላ ተሞቆ ከሆነ ባክቴሪያው ሞቷል።
- ቀጭን ሆኖ ውሃ ውሃ ካለ ወተቱ ውሃ ተጨምሮበት ይሆናል።
- ከነዚህ አንዱም ካልሆነ መድኃኒት ጠርጥሩ። መለያ ዘዴ አለ፦ አንድ ስኒ የታሸገ ፓስቸራይዝድ ወተትና አንድ ስኒ ከዚያ ከተጠረጠረው ወተት፣ ሁለቱንም አፍልታችሁ አብርዱ፣ ከአንድ እርሾ እኩል ጨምሩ፣ ጎን ለጎን በአንድ ጋቢ ጠቅልሉ። የታሸገው ረግቶ ያኛው እንዳለ ከቀረ ችግሩ ከእርሾው አይደለም። ባለ ላሟን አነጋግሩ፣ ያን ወተትም ለልጆች አትስጡ።

ማስጠንቀቂያ

ነፍሰ ጡር ሴቶች ጥሬ ወተት፣ የጥሬ ወተት እርጎና አይብ ፈጽሞ አይንኩ። ሊስቴሪያና ብሩሴላ ፅንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ። ሊስቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፣ ስለዚህ "ፍሪጅ ነበር" ዋስትና አይሆንም።

ለጨቅላ ሕፃን ለጋ ቅቤ ማዋጥ የለመዳችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ቅቤው ከጥሬ ወተት ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

ጥሬ ወተት ስትጠጡ ቆይታችሁ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም፣ የማይለቅ ድካም ከመጣባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ስትገቡ "ጥሬ ወተት እጠጣለሁ" ብላችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። ብሩሴላ የሚያመጣው በሽታ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ምልክቱ ከታይፎይድና ከወባ ጋር ይመሳሰላል፣ ሐኪሙ ወተቱን ካልሰማ ምርመራውን ላያዝ ይችላል። ሕመሙ ከጠጣችሁ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል የዛሬ ወር የጠጣችሁትንም ንገሩት። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መድኃኒት ለ6 ሳምንት ነው። ተሻለኝ ብሎ መሐል ላይ ማቆም በሽታውን ይመልሰዋል።

አንገት ላይ እጢ አብጦ ሳምንታት ከቆየም እንደዚሁ ወተቱን አንሡ። የከብት ቲቢ በአንጀትና በእጢ በኩል ሊመጣ ይችላል። ፒራዚናማይድ የሚባለው የተለመደ የቲቢ መድኃኒት በከብቱ ዓይነት ላይ ስለማይሠራ ሐኪሙ ማወቁ ጠቃሚ ነው።

ላም ለምታልቡ

ከማለባችሁ በፊት እጃችሁንና ጡቷን ታጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፣ ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጭማቂዎች ጥቁር ጨርቅ ወይም ጥቁር ሰሃን ላይ እለቧቸው። ጓል፣ ክር የሚመስል ነገር ወይም ደም ከታየ ጡቷ ታሟል፣ የዚያን ቀን ወተት ከሌላው አትቀላቅሉ። የታመመችውን መጨረሻ እለቡ፣ በእጃችሁ ወደ ጤነኛዋ እንዳታሻግሩ።

ጥጃዋን ያለጊዜው የጣለች ላም ካለች ብሩሴላ ይጠርጠር። የወጣውን ጽንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ባክቴሪያው በጭረት በኩልም ይገባል። ጓንት ከሌለ ሁለት ወፍራም ፌስታል ደርባችሁ እጃችሁ ላይ እሰሩ። ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ቅበሩት፣ ቦታውን በበረኪና እጠቡ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩና ደሟ ይመርመር። ውጤቱ እስኪመጣ ላሟን ከሌሎቹ ለዩ፣ ወተቷንም ለማንም አትሽጡ።